ሥራ የፈቱት ኮሮች፦ ትይዩ ስሌትና የምህንድስና ሲሙሌሽን ተጠቃሚ

አንድ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ በሞተር ሳይክልና በነጂው ዙሪያ አየር እንዴት እንደሚፈስ በኮምፒውተር ማስላት ፈለገ እንበል። መጀመሪያ በሞተር ሳይክሉ ዙሪያ ያለውን ቦታ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍሎች ይከፋፍለዋል። የሙያው ሰዎች አንዱን ክፍል ሴል፣ ስብስቡን ሜሽ ይሉታል። ከዚያ ኮምፒውተሩ በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ የአየሩን ፍጥነት በሦስት አቅጣጫ፣ ግፊቱንና የነውጡን መጠን ያሰላል። አንድ ዙር አይበቃም፤ መልሱ እስኪረጋ ድረስ ስሌቱ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ለሚቆጠር ዙር ይደጋገማል። ማታ የተጀመረው ሥራ ሲነጋ አላለቀም፤ በማግስቱም እንደዚያው። በዚህ ጊዜ ሁሉ ላፕቶፑ ውስጥ ካሉት ስምንት ኮሮች (ለየብቻቸው ማስላት የሚችሉ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። ሰባቱ ሥራ ፈተዋል።

ላፕቶፑ ደካማ ሆኖ አይደለም። ፕሮግራሙ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በአንድ ኮር ብቻ ስለሚነሣ፣ ሥራውን ለሌሎቹ ያካፈለ የለም። አንድን ስሌት ከፋፍሎ ብዙ ፕሮሰሰሮችን በአንድ ጊዜ ማሠራት ትይዩ ስሌት ይባላል። ለረጅም ዘመን ይህ ጥበብ የትልልቅ ቤተ ሙከራዎችና የጥቂት ፕሮግራመሮች ነበር። ዛሬ ግን የድልድይ ምሰሶ፣ የጎርፍ ማስተንፈሻ ወይም የነፋስ ተርባይን የሚነድፍ መሐንዲስ አንድ መስመር የፕሮግራም ኮድ ሳይጽፍ ሊጠቀምበት ይችላል። ይህ ጽሑፍ በሩ እንዴት እንደተከፈተና የሚገባበት ሰው ምን ማወቅ እንዳለበት ያስተዋውቃል። ለማሳያነት የምንይዘው ማንም በነጻ ሊያወርደው የሚችለውን ኦፕንፎም የተባለውን የፈሳሽና የአየር ፍሰት ማስሊያ ሶፍትዌር ነው።

የሪቻርድሰን አዳራሽ

ሐሳቡ ከኮምፒውተር ይቀድማል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን የአየር ጠባይን በቁጥር ስሌት መተንበይ ይቻላል ብሎ ያመነ ሰው ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ በአምቡላንስ ጓድ እያገለገለ፣ በትርፍ ጊዜው እ.ኤ.አ. የሜይ 20 ቀን 1910ን የስድስት ሰዓት የአየር ለውጥ በእጁ አሰላ። ውጤቱ ከእውነታው እጅግ የራቀ ሆነ። ሪቻርድሰን ግን ዘዴውንም ስሕተቱንም ሳይደብቅ እ.ኤ.አ. በ1922 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ታላቅ አዳራሽ በሐሳቡ ሥሏል። ግድግዳው የዓለም ካርታ ነው። እንደ ቴአትር ቤት በተደራረቡት ወንበሮች ላይ 64,000 ሰዎች ተቀምጠው እያንዳንዳቸው የደረሳቸውን የምድር ክፍል ያሰላሉ። የደረሱበትን ቁጥር ጎረቤቶቻቸው እንዲያነቡት በትንንሽ የብርሃን ሰሌዳ ላይ ያሳያሉ፤ የአንዱ አካባቢ አየር ነገ ምን እንደሚሆን የሚወስነው ዛሬ በጎረቤቱ ያለው ግፊት ነውና። በአዳራሹ መካከል ከፍ ባለ ምሰሶ ላይ አንድ አስተባባሪ ቆሟል። ቀድመው በሚሮጡት ላይ ቀላ ያለ ብርሃን፣ ወደ ኋላ በቀሩት ላይ ሰማያዊ ብርሃን እያበራ ሁሉም በእኩል ፍጥነት እንዲራመዱ ያደርጋል።

ዛሬ በክላስተር፣ ማለትም እንደ አንድ ማሽን በተያያዙ ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚካሄድ የምህንድስና ሲሙሌሽን በመሠረቱ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ቦታው ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ኮር የራሱን ድርሻ ያሰላል፤ በድንበር ላይ ያሉ ቁጥሮች ከጎረቤት ጋር ይለዋወጣሉ፤ አንዱ ኮር ከሌሎቹ ከዘገየ ሁሉም ይጠብቁታል። ሪቻርድሰን ሦስቱን የትይዩ ስሌት ጥያቄዎች፣ ማለትም ማካፈልን፣ መለዋወጥንና ማስተባበርን፣ የኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተር ከመፈልሰፉ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ቀድሞ አይቷቸዋል።

ፍጥነት በአንድ ኮር ሲቆም

መሐንዲሶች ለረጅም ጊዜ ትይዩ ስሌትን ሳያውቁ የኖሩበት ምክንያት ነበራቸው። የአንድ ፕሮሰሰር ፍጥነት በየዓመቱ ይጨምር ስለነበር፣ ዛሬ የሚዘገየው ፕሮግራም ከሁለት ዓመት በኋላ በሚገዛው ኮምፒውተር ላይ ያለ ምንም ለውጥ ይፈጥን ነበር። መጠበቅ ራሱ መፍትሔ ነበር። ይህ ዘመን እ.ኤ.አ. በ2004 አካባቢ አበቃ። ፕሮሰሰሩን ይበልጥ ማፍጠን ሊቋቋሙት የማይቻል ሙቀት አመጣ፤ ኢንቴልም 4 ጊጋኸርዝ ይደርሳል የተባለውን ፔንቲየም 4 በዚያው ዓመት ሰረዘው። በቀጣዩ ዓመት ለተራው ገዢ የቀረቡት አዳዲስ ፕሮሰሰሮች በአንድ ቺፕ ላይ ሁለት ኮር ይዘው መጡ። ከዚያ አራት፣ ስምንት፣ ዐሥራ ስድስት እያለ ቁጥሩ አደገ።

ለምህንድስና ተጠቃሚ የዚህ ለውጥ ትርጉም ትልቅ ነው። አምራቾቹ የሚሸጡለት ፍጥነት ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው የተቀመጠው በኮሮች ብዛት ውስጥ ነው። ስሌቱን ማካፈል የማያውቅ ሰው የከፈለበትን ማሽን ትንሽ ክፍል ብቻ ይጠቀማል።

ኮሮች የሚነጋገሩበት ስምምነት

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ብዙ ፕሮሰሰር ያላቸው ማሽኖች ነበሩ። ችግሩ እያንዳንዱ አምራች ፕሮሰሰሮቹ መልእክት የሚለዋወጡበትን መንገድ በራሱ ፈቃድ መሥራቱ ነበር። ለአንዱ ማሽን የተጻፈ የሲሙሌሽን ፕሮግራም በሌላው ላይ አይሠራም። ዓመታት የፈጀ ሥራ ማሽኑ ሲያረጅ አብሮ ያረጃል።

እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረ ውይይት ይህን ቀየረው። ከ40 ያህል ተቋማት የመጡ 60 የሚሆኑ ባለሙያዎች፣ አብዛኞቹ ከአሜሪካና ከአውሮፓ፣ ለመልእክት ልውውጥ አንድ የጋራ ስምምነት አዘጋጁ። በ1994 የወጣው ይህ ስምምነት ኤምፒአይ ይባላል። ኤምፒአይ ራሱ ፕሮግራም አይደለም፤ «ለዚህኛው ኮር ይህን ቁጥር ላክ»፣ «ከዚያኛው ተቀበል»፣ «የሁሉንም ድምር አምጣ» የሚሉ ትእዛዛት በማንኛውም ማሽን ላይ ምን ማለት እንደሆኑ የሚደነግግ ሰነድ ነው። በሰነዱ መሠረት የተሠሩት ኦፕን ኤምፒአይና ኤምፒች የተባሉት ሶፍትዌሮች በነጻ ይገኛሉ። ዛሬ አንድ ፕሮግራም በላፕቶፕ ላይም፣ በሺህ በሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ላይም ሳይለወጥ የሚሠራው በዚህ ስምምነት ምክንያት ነው።

በዚያው በ1994 ሌላ በር ተከፈተ። በናሳ የጎዳርድ የጠፈር በረራ ማዕከል ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር ከገበያ የሚገዙ 16 ተራ ኮምፒውተሮችን በኤተርኔት ገመድ አገናኝተው ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ስርዓተ ክወና ጫኑባቸውና እንደ አንድ ማሽን አሠሯቸው። ስሙን ቤዎልፍ አሉት። ሱፐር ኮምፒውተር ማለት በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚገዛ ልዩ ዕቃ ብቻ ነው የሚለው እምነት ከዚያ በኋላ አልቆመም። አንድ የዩኒቨርሲቲ ክፍል የራሱን ክላስተር መሥራት ይችል ጀመር። ዛሬ በዓለም ፈጣኖቹ 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች ሁሉም የሚሠሩት በሊኑክስ ነው።

ኦፕንፎም ለምን ይጠቅመናል?

የጋራ ቋንቋና ርካሽ ማሽን መገኘታቸው ብቻውን መሐንዲሱን አላስገባውም። የኤምፒአይ ትእዛዝ መጻፍ አሁንም የፕሮግራመር ሥራ ነው። ሦስተኛው እርምጃ ይህን ሥራ አንድ ጊዜ ሠርቶ ከተጠቃሚው ዓይን ማራቅ ነበር።

ኦፕንፎም የተጀመረው በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ሄንሪ ዌለር፣ ህርቮዬ ያሳክና ባልደረቦቻቸው ሲ ፕላስ ፕላስ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አዲስ አሠራር ቀየሱ። የፍሰት እኩልታዎች በወረቀት ላይ ሲጻፉ የሚኖራቸውን መልክ ሳይለቁ በኮዱ ውስጥ እንዲሰፍሩ አደረጉ። ስለ ሜሽ፣ ስለ ማትሪክስና ስለ መልእክት ልውውጥ የሚያወራው ክፍል ከሥር ባሉ ንብርብሮች ውስጥ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2004 ሶፍትዌሩ ከነምንጭ ኮዱ በነጻ ፈቃድ ተለቀቀ።

የዚህ አቀራረብ ጥቅም ለተጠቃሚው ግልጽ ነው። አንድ ተመራማሪ የፈሳሹን ባሕርይ የሚገልጽ አዲስ እኩልታ ቢጨምር፣ ስለ ኮሮች አንዲት ቃል ሳይጽፍ እኩልታው በትይዩ ይሠራለታል። በድንበር ላይ ያሉ ሴሎች ከጎረቤት ኮር ቁጥር የሚያመጡበትን መንገድ ሶፍትዌሩ ልክ እንደ ግድግዳ ወይም እንደ መግቢያ በር ያለ ሌላ የወሰን ዓይነት ቆጥሮ ያስተናግደዋል። ፊዚክሱን የሚያውቅ ሰው ፊዚክሱን ይጽፋል፤ ማሽኑን የሚያውቅ ሰው ማሽኑን ያዘጋጃል። እኔ ተደራሽነት የምለው ይህን የሥራ ክፍፍል ነው። ችግሩ ሳይጠፋ፣ የሚገባው ሰው አንድ ጊዜ ፈትቶት ሌላው ሁሉ የሚጠቀምበት ሲሆን በሩ ተከፈተ ማለት ነው።

የንግድ ሶፍትዌሮችም በየፊናቸው ወደዚሁ ደርሰዋል። በአንሲስ ፍሉዌንት መክፈቻ መስኮት ላይ የኮሮች ቁጥር የሚሞላበት ቦታ አለ። አባኩስ ላይ በትእዛዙ መጨረሻ ስንት ፕሮሰሰር እንደሚፈለግ መጻፍ ይበቃል። የግጭት ሲሙሌሽን የሚሠራበት ኤልኤስ-ዳይናም ለአንድ ማሽንና ለብዙ ማሽኖች የተለያዩ ቅጂዎች አሉት። ከኦፕንፎም የሚለያቸው አንድ ነገር ዋጋው ነው። ብዙ የንግድ ሶፍትዌሮች ከተወሰነ የኮር ቁጥር በላይ ሲኬድ ተጨማሪ የፈቃድ ክፍያ ይጠይቃሉ። በዚህ ምክንያት ማሽኑ ኖሮት ፈቃዱ የሚያግደው ተጠቃሚ ብዙ ነው።

አራቱ እርምጃዎች

በኦፕንፎም አንድን ስሌት በትይዩ ማስኬድ አራት ተራ አለው። መጀመሪያ ተጠቃሚው በአንድ አጭር የጽሑፍ ፋይል ላይ ሜሹ ለስንት እንዲከፈልና በየትኛው ዘዴ እንዲከፈል ይጽፋል። ሁለተኛ፣ ዲኮምፖዝፓር የሚባለውን ትእዛዝ ሲሰጥ ሶፍትዌሩ ሜሹን ቆራርጦ ለየኮሩ አንድ አንድ ማኅደር ያዘጋጃል። ሦስተኛ፣ በኤምፒአይ አስጀማሪው ትእዛዝ የኮሮቹን ቁጥርና «በትይዩ» የሚለውን ምልክት ጨምሮ ማስሊያውን ያስነሣል። አራተኛ፣ ስሌቱ ሲያልቅ ሪኮንስትራክትፓር በሚባለው ትእዛዝ የተበታተነውን ውጤት መልሶ ይገጥማል። ፓራቪው የተባለው የውጤት ማሳያ ሶፍትዌር የተከፋፈለውን ውጤት እንዳለ ማንበብ ስለሚችል፣ ይህ የመጨረሻው እርምጃ ብዙ ጊዜ ሊታለፍ ይችላል።

ከእነዚህ መካከል ብልኃት የሚጠይቀው አከፋፈሉ ነው። አንድ ሚሊዮን ሴል የያዘ፣ በየጎኑ 100 ሴል የተደረደረበት ኩብ እናስብ። ለስምንት ኮር በስምንት እኩል ኩቦች ስንከፍለው ለእያንዳንዱ 125,000 ሴል ይደርሰዋል። እያንዳንዱ ክፍል ከሦስት ጎረቤቶች ጋር ይዋሰናል፤ በአንዱ ድንበር ላይ 50 በ50፣ ማለትም 2,500 ሴሎች አሉ። ስለዚህ አንድ ኮር 125,000 ሴል እያሰላ የሚለዋወጠው በ7,500 የድንበር ቦታዎች ብቻ ነው፤ ከድርሻው 6 በመቶ ማለት ነው። ያንኑ ኩብ በስምንት ስስ ንጣፎች ብንቆርጠው ግን መካከል ላይ ያለው ንጣፍ በሁለት ጎኑ 100 በ100 የሆነ ድንበር ይኖረዋል፤ ልውውጡ ወደ 20,000 ይዘላል። የኮሮቹ ብዛትም የሴሎቹ ብዛትም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተቆረጠበት መንገድ ነው።

እውነተኛ ሜሽ እንደዚህ ኩብ የተስተካከለ አይደለም። በሞተር ሳይክሉ መስታወት ዙሪያ ሴሎቹ ጥቃቅንና የተጨናነቁ፣ ራቅ ሲሉ ትልልቅና የሳሱ ናቸው። ቦታውን እኩል መክፈል ሥራውን እኩል መክፈል አይሆንም። በፈረንሳይ ቦርዶ ውስጥ በፍራንሷ ፔሌግሪኒ የተጀመረው ስኮች የተባለው ሶፍትዌር፣ እንዲሁም በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ በጆርጅ ካሪፒስና በቪፒን ኩማር የተሠራው ሜቲስ ይህን ጣጣ ያቃልላሉ። ሜሹን እንደ ነጥቦችና መስመሮች መረብ አይተው፣ እያንዳንዱ ክፍል ተመጣጣኝ የሴል ብዛት እንዲኖረውና የሚቆረጡት መስመሮች ጥቂት እንዲሆኑ ያደርጋሉ። ስኮችን በኦፕንፎም የሚመርጥ ተጠቃሚ የክፍሎቹን ቁጥር ብቻ ከሰጠ ሌላ ምንም አይጠየቅም። ለጀማሪ የምመክረውም ይህን ነው።

ጥቅሙ የሚቆምበት ቦታ

እዚህ ላይ ተጠቃሚው ማወቅ ያለበት ነገር ይጀምራል። ኮር በእጥፍ ሲጨመር ጊዜው በግማሽ አይቀንስም፤ ምክንያቶቹም የታወቁ ናቸው።

የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1967 ያስረዳው የአይቢኤሙ ጂን አምዳል ነው። በማንኛውም ስሌት ውስጥ ሊከፋፈል የማይችል ክፍል አለ። ለአጨዳ ደቦ የቱንም ያህል ሰው ቢጠራ፣ ማሳው ዘንድ እስኪደረስ የሚሄደው መንገድ በሰው ብዛት አያጥርም። ከሥራው 95 በመቶው ሊካፈል የሚችል፣ 5 በመቶው የማይካፈል ቢሆን፣ በ8 ኮር የምናገኘው ፍጥነት ወደ 6 እጥፍ ነው። በ64 ኮር 15 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ኮሮቹ ቁጥር ስፍር ባይኖራቸው እንኳ ከ20 እጥፍ አያልፍም።

ይህ ሕግ ብዙዎችን ተስፋ አስቆርጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ግን በአሜሪካው ሳንዲያ ቤተ ሙከራ ጆን ጉስታፍሰንና ባልደረቦቹ 1,024 ፕሮሰሰር ባለው ማሽን ላይ የተለየ ነገር አሳዩ። የማዕበል እንቅስቃሴን፣ የፈሳሽ ፍሰትንና በምሰሶ ላይ የሚያርፍ ጫናን የሚያሰሉ ሦስት ፕሮግራሞችን ወስደው፣ ፕሮሰሰር ሲጨምር የችግሩንም መጠን አብረው አሳደጉ። በዚህ ስሌት ፍጥነቱ ከ1,000 እጥፍ አለፈ። ለመሐንዲስ ትምህርቱ ይህ ነው፦ ትይዩ ስሌት ትንሽ ችግርን በቅጽበት ከመጨረስ ይልቅ፣ ትልቅና ዝርዝር የበዛበትን ችግር በሚቻል ጊዜ ለመጨረስ ይበልጥ ያገለግላል። የድልድዩን ምሰሶ ብቻ ያሰላ የነበረ ሰው ወንዙን ከነአሸዋው ይጨምራል።

ሁለተኛው ምክንያት ልውውጡ ነው። አንድ ሚሊዮን ሴል ያለውን ኩብ ለ1,000 ኮር ብናካፍለው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 1,000 ሴል ብቻ ነው፤ መሐል ያለው ክፍል ግን በስድስት ጎኑ 600 የድንበር ቦታዎች ይኖሩታል። ልውውጡ ከድርሻው 60 በመቶ ደረሰ ማለት ነው። ከማስላት ይልቅ መነጋገር በዛ። በተጨማሪም ግፊትን የሚፈቱት ዘዴዎች በየዙሩ የሁሉንም ኮሮች ድምር ይጠይቃሉ፤ ያን ጊዜ ከሁሉ የዘገየው እስኪደርስ ሁሉም ይቆማሉ። በልምድ የፍሰት ስሌት ተጠቃሚዎች ለአንድ ኮር በዐሥር ሺዎች የሚቆጠር ሴል እንዲቀር ያደርጋሉ። ከዚያ በታች ሲወርድ ትርፉ ይሳሳል።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሜሞሪው ነው። የፍሰት ስሌት በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ የሚሠራው ሒሳብ ጥቂት ነው፤ ከሜሞሪ የሚያመላልሰው ቁጥር ግን እጅግ ብዙ ነው። የላፕቶፕ ስምንት ኮሮች ሁሉ ቁጥር የሚያመጡት በአንድ የጋራ መንገድ ነው። መንገዱ ሲጨናነቅ ተጨማሪ ኮር ተራ ጠባቂ ይሆናል። በዚህ የተነሣ ስምንት ኮር ባለው ላፕቶፕ ላይ ከአራት ኮር በኋላ የሚገኘው ጥቅም በጣም ሊያንስ ይችላል። ሰርቨሮች ተመሳሳይ ፍጥነት ያለው ኮር ይዘው እንኳ በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የሚበልጡት ወደ ሜሞሪ የሚወስዱ ብዙ መንገዶች ስላሏቸው ነው። የሜሞሪ መጠንም ቢሆን መታየት አለበት፤ በኦፕንፎም ለአንድ ሚሊዮን ሴል ከ1 እስከ 2 ጊጋባይት ገደማ ማሰብ ይበጃል።

ከዚህ ጋር ጀማሪን የሚያደናግሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የኮር ቆጠራ ነው። የኮምፒውተሩ መቆጣጠሪያ ገጽ 16 ብሎ ቢያሳይም፣ ብዙ ጊዜ እውነተኛዎቹ ኮሮች 8 ናቸው፤ የቀሩት ፕሮሰሰሩ አንዱን ኮር እንደ ሁለት አድርጎ የሚያቀርብበት ዘዴ ነው። ኦፕን ኤምፒአይ በተለመደው አሠራሩ የሚቆጥረው እውነተኛዎቹን ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ሲጠየቅ በቂ ቦታ የለም ብሎ ይመልሳል። መልእክቱ ብልሽት ሳይሆን ትክክለኛ ምክር ነው። ሁለተኛው፣ ያው ስሌት በ1 ኮርና በ8 ኮር ሲሠራ በመጨረሻዎቹ አኃዞች ላይ ጥቂት ሊለያይ መቻሉ ነው። ኮምፒውተር የአስርዮሽ ቁጥሮችን ሲደምር ስለሚያጠጋጋ፣ የአደማመሩ ቅደም ተከተል ሲለወጥ ጫፉ ላይ ያለው አኃዝም ይለወጣል። ልዩነቱ ከዚያ ካለፈና የመጎተት ኃይሉን ወይም ግፊቱን በሚታይ መጠን ከቀየረው ግን፣ ስሌቱ ገና አልረጋም ወይም ሌላ ቦታ ስሕተት አለ ማለት ነው፤ መመርመር ይገባል።

ሳይቆርጡ ማካፈል

ትይዩ ስሌት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የማይወራለት፣ ነገር ግን ለአብዛኛው መሐንዲስ ቀላሉና ትርፋማው መንገድ ሌላ ነው። የምህንድስና ሥራ አንድን ስሌት አንድ ጊዜ በመሥራት አያልቅም። የተርባይን ምላጭ የሚነድፍ ሰው በዐሥር የተለያዩ ማዕዘኖች መሞከር አለበት። የቧንቧ መሐንዲስ በአምስት ዲያሜትርና በአራት የውኃ መጠን፣ በድምሩ ሃያ ጊዜ ማስላት ይፈልጋል። እነዚህ ስሌቶች እርስ በርሳቸው ምንም የሚነጋገሩት ነገር የለም። ሜሹን መቁረጥም፣ ድንበር መለዋወጥም ሳያስፈልግ ለእያንዳንዱ ኮር አንድ አንድ ስሌት መስጠት ይቻላል።

በዚህ መንገድ የሚቀረው ዋና ገደብ ሜሞሪው ነው፤ ስምንቱም ስሌቶች በአንድ ጊዜ የሚገቡበት ቦታ ማግኘት አለባቸው፤ ወደ ሜሞሪ የሚወስደውንም መንገድ ይጋራሉና። ያ ከተሟላ፣ አንድን ስሌት ለስምንት ከመቁረጥ ይልቅ ስምንት ስሌቶችን ጎን ለጎን ማስኬድ የተሻለ ነው። በልውውጥ የሚባክን ጊዜ የለም፤ ጎረቤቱን የሚጠብቅ ኮርም የለም። አቅሙ ውስን ለሆነ ቤተ ሙከራ፣ ለምሳሌ በተማሪዎች ክፍል ውስጥ ማታ ማታ ጠፍተው የሚያድሩ ሃያ ኮምፒውተሮች ላሉት ዩኒቨርሲቲ፣ ይህ መንገድ አዲስ ዕቃ ሳይገዛ ብዙ ሥራ ያሠራል።

ከላፕቶፕ ወደ ክላስተር

ሜሹ በዐሥር ሚሊዮኖች ሲቆጠር ላፕቶፕ አይበቃም። ያን ጊዜ ተጠቃሚው ወደ ክላስተር ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ማሽኑን የሚጋሩት ብዙ ሰዎች ናቸው። ወረፋውን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ብዙ ቦታ ስለርም ይባላል። ተጠቃሚው ስንት ኮር፣ ስንት ሰዓትና ምን ያህል ሜሞሪ እንደሚፈልግ በአጭር ፋይል ጽፎ ያስገባል፤ ቦታ ሲገኝ ሥራው ይጀመራል። ፋይሉ ከዐሥር መስመር ብዙም አይበልጥም። ብዙ ጀማሪዎች የሚፈሩት ግን ከፍሰት እኩልታ ይልቅ ይህን ፋይል ነው፤ ማንም አስተምሯቸው ስለማያውቅ።

በላፕቶፕ ላይ የተማሩት ሁሉ እዚህ ይሠራል። ሜሹ የሚቆረጠው በዚያው ትእዛዝ ነው፤ ማስሊያው የሚነሣው በዚያው ኤምፒአይ ነው። የሚለየው ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው መረብ ነው። ተራ ኤተርኔት መልእክት ለማድረስ በዐሥሮች የሚቆጠር ማይክሮሰከንድ ሲወስድ፣ ለክላስተር የሚሠራው ኢንፊኒባንድ ከ1 እስከ 2 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። አንድ ኮር በ1 ማይክሮሰከንድ ውስጥ ሦስት ሺህ ያህል ምት ስለሚመታ፣ ልዩነቱ ትልቅ ስሌት ላይ በግልጽ ይታያል። የራሱ ክላስተር የሌለው ደግሞ ኮሮችን በሰዓት ከሚያከራዩ የክላውድ ድርጅቶች መውሰድ ይችላል። ኪራዩን ከመክፈሉ በፊት ስንት ኮር በእውነት እንደሚጠቅመው ያወቀ ሰው ገንዘቡን ያድናል።

ያን ማወቂያው መንገድ አንድ ነው፤ መለካት። ያንኑ ስሌት ለጥቂት ዙር በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 ኮር ማስኬድና አንድ ዙር የፈጀውን ጊዜ መመዝገብ ይበቃል። ኦፕንፎም በየዙሩ የፈጀውን ጊዜ ራሱ ይጽፋል። አራቱን ቁጥሮች በወረቀት ላይ በመስመር ሲያገናኙ፣ መስመሩ የሚታጠፍበት ቦታ የዚያን ማሽንና የዚያን ሜሽ ትክክለኛ የኮር ቁጥር ያሳያል። ይህን ለማድረግ ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ሳምንታትን ግን ይቆጥባል።

ስለዚህ ሲሙሌሽን የሚያስተምሩ የምህንድስና ክፍሎች ይህን ትምህርት ለመጨረሻው ዓመት ወይም ለኮምፒውተር ሳይንስ ሰዎች ባይተዉት እመኛለሁ። ተማሪው የመጀመሪያውን ሜሽ በሠራበት ሳምንት ሜሹን መቁረጥም ይማር፤ የመጀመሪያውን ውጤት ባወጣበት ቀን የፈጀበትን ጊዜም ይለካ። ሶፍትዌሩ በነጻ አለ፤ የኤምፒአይ ሥራ በሌሎች ትከሻ ላይ አልቋል፤ ኮሮቹም በየቦርሳችን ውስጥ ተገዝተው ተቀምጠዋል። ሦስት ቀን የሚጠብቅ ተማሪ በሳምንት የሚሞክረው ሁለት ሐሳብ ነው። አንድ ሌሊት የሚበቃው ግን በየቀኑ አዲስ ሐሳብ ይፈትናል፤ ጥሩ ንድፍም የሚገኘው ብዙ በሞከረ ሰው እጅ ነው።